መዋጮውና አስተርጓሚዋ

በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጓደኞቿ «ጭንቄ» ብለው የሚጠሯት ሴት፣ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ልጇን ወደ ሥራ ስትሸኝ የሙሽራ እናት መስላ ነበር። የልጅቷን ኮሌታ ታቃናለች፤ ትመለስና ያቃናችውን ደግሞ ታቃናለች። ልጅቷ የባዕድ ቋንቋ ተምራ፣ ሥራ ስትፈልግ የጫማዋ ሶል አልቆ፣ በስንት መከራ ከአገሮች ኅብረት ለሚመጣ ልዑክ አስተርጓሚ እንድትሆን ለሙከራ ተቀጥራለች። ከቀናት ቋሚ ትሆናለች፤ ካልቀናት ያው እንደ ትናንቱ በር ማንኳኳት ነው።

ልዑኩ የሚመጣው የሕዝቡን ምሬት ለመስማት ነበር። አገሩ ለኅብረቱ የሚከፍለው የአባልነት መዋጮ ከፍ ካለ ወዲህ በታክሲውም በገበያውም በፀጉር ቤቱም ወሬው እሱ ብቻ ሆኗል። የመብራት ሂሳብ ጨመረ፣ መዋጮው ነው። መንገዱ ተቆፍሮ ቀረ፣ መዋጮው ነው። አንድ የታክሲ ሾፌርማ ሚስቱ ያኮረፈችው በመዋጮው ምክንያት እንደሆነ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳምኗል።

ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ግን ነገሩ ለቀልድ አይመችም። ከሦስቱ ማሽኖች ትልቁ ከቆመ ከርሟል። የማስጠገኛው በጀት ወደ መዋጮው ዞሯል ብለው አለቆች ነግረዋቸዋል። የተቀሩት ሁለቱ የሆስፒታሉን አንሶላ አይችሉትም። ስለዚህ ሴቶቹ የተረፈውን በእጅ ያጥባሉ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጫፍና ጫፉን ይዘው ይጠመዝዙታል፤ ገና ሳይደርቅ ነርሶቹ እየተጣደፉ መጥተው ይወስዱታል። በሽተኛው እርጥብ ላይ ይተኛል። በቅርቡ አንዲት አራስ አንሶላ ታጥቶላት ባዶ ፕላስቲክ ፍራሽ ላይ ተኝታ ጭንቄ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ላገኘችው ሁሉ ይህንኑ ታወራለች።

ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ፣ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

«እማ፣ ዛሬ አንቺ እንዳትናገሪ። የእኔ ሥራ በጆሮዬ የገባውን በአፌ ማውጣት ነው። አንዲት ቃል ብጨምር ወይም ባስቀር አለቀልኝ። የሌላውን ሰው እችለዋለሁ። ያንቺ ከሆነ ግን ድምፄ ይከዳኛል።»

«አፌን በመርፌ ሰፍቼ ነው የምመጣው። ሂጂ አሁን፣ እንዳይረፍድብሽ።»

ቃል መግባቱ አልከበዳትም። የማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች ተናጋሪ መርጠዋል፤ «ካውያዋ» የሚሏትን ልብስ ተኳሽ። ካውያዋ ምላሷ ከምትተኩስበት ብረት የባሰ ያቃጥላል። አንድ ጊዜ የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅ በቁሙ አጣጥፋ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው እየተባለ ይወራላታል።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንበር ያጣው በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ፤ ደፍ ያጣው ከውጭ ሆኖ አንገቱን አስገባ። መድረኩ ላይ ረጅሙ ልዑክ ወፍራም ኮቱን ለብሶ ያልበዋል። ከጎኑ ልጅቷ ማይክ ይዛ፣ ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ ሰብሳቢው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ የልጅቷን ቅጥር የሚያጸድቁትም እሳቸው ናቸው።

አንድ ባለ ሱቅ ቀድሞ ተነሳ። ለሰርጉ ስናዋጣ ሰነበትን፣ ሙሽሮቹን ያየ ግን ከመካከላችን የለም አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ መምህር ቀጠለ፤ ከእሱም ሌላው። ሰዉ ሞቅ አለው። በጠባቡ መተላለፊያ ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽቦው የስንቱን ባርኔጣ ጠለፈ።

ጭንቄ ግን ጭብጨባው አልደረሳትም። ዓይኗ ከልጇ አልተነሳም። ሰብሳቢው በየመካከሉ ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ ይላሉ። ሰው ብዙ ይናገራል፣ ልጅቷ ግን በአጭሩ ትጨርሳለች። ከኋላዋ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌም ይህን አይቶ አጉረመረመ።

«ይቺ ልጅ ማር እየቀባች ነው የምታጎርሰው። እኛ እሬት እንልካለን፣ እሱ ጋ ሲደርስ ፍትፍት ይሆናል።»

ጭንቄ ዞራ ዓይኑን ልትጎለጉለው ምንም አልቀራት። ግን ጥርጣሬው እሷም ሆድ ውስጥ ነበር። ሥራው እንዳይቀርባት ፈርታ ቢሆንስ? ማን ያውቃል? ቋንቋውን ከልጅቷ በቀር የሚያውቅ የለ።

ተራው የካውያዋ ሆነ። ተነሳች። ማይኩን ጨበጠች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ካውያዋም ጸጥ አለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚወጣ ነገር የለም። መብራት የጠፋበት ካውያ ሆነች። በመጨረሻ ማይኩን እንደ ትኩስ ድንች ጭንቄ ጭን ላይ ጥላ ተቀመጠች።

ጭንቄ ማይኩን አነሳች። ቆመች። ከመድረኩ ላይ የልጇ ዓይን «እማ፣ አደራ» ይላል። የአራሷ ፍራሽም ትዝ አላት። ምን እንደምትል ሳታውቅ የልጇን ፊት አየች፤ ያየችውም ከንፈሯ መድረቁን ነው።

«ሆዴ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ እስቲ፤ ከንፈርሽ ደርቋል» አለች፤ በማይኩ።

ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ በጆሮዋ የገባውን በአፏ ስታወጣ የዋለች ናት። ሳታስበው ይህንንም ተረጎመችው።

ልዑኩ ደነገጠ። በጣቱ ከንፈሩን ዳሰሰ። ከዚያ እንደ ታዛዥ ልጅ ፊቱ ያለውን ብርጭቆ አንስቶ እስከ መጨረሻው ጠጣና፣ አሁንስ ደህና ነኝ ወይ በሚል አኳኋን ጭንቄን አያት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መስኮት ላይ የተቀመጡት ሊወድቁ እርስ በርስ ተያያዙ። ልጅቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«ኧረ ይቺ ልጅ ምንም አታስቀርም!» አለ ሽማግሌው።

ጭንቄ ልብ ያገኘችው ያን ጊዜ ነው። የምትለው ይደርሳል። ስለ ውሃው ከደረሰ ስለ ፍራሹም ይደርሳል። ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ ተናገረች። ስለቆመው ማሽን፣ ስለሚጠመዘዘው አንሶላ፣ እርጥብ ላይ ስለሚተኛው በሽተኛ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ኅብረት መግባቱን አልጠላሁም አለች፤ ጎረቤት ያለው ሰው መልካም ነው፤ ለጎረቤት መዋጮ ተብሎ የአራስ አንሶላ ሲገፈፍ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ልጅቷ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተከተለቻት። አራሷ ጋ ሲደርሱ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልከዳትም።

ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። ሰብሳቢው ወደ ልጅቷ ዘንበል አሉ። በእጇ ያለው ማይክ ክፍት መሆኑን አላስተዋሉም።

«ይኼን የአራሷን ነገር አላለችም በይው፤ ለእንግዳ የሚነገር አይደለም።»

በድምፅ ማጉያው አዳራሹ በሙሉ ሰማው። ልጅቷ እናቷን አየች። ጭንቄ «እሺ በያቸው ልጄ፣ እንጀራሽ ነው» ብላ ልትጮህ ጉሮሮዋ ድረስ ደርሶ ነበር። በዕድሜዋ ሙሉ ልጇን ሳትመክር ያለፈችው ያን አንዲት ጊዜ ብቻ ነው።

ልጅቷ ወደ ልዑኩ ዞረችና፣ በእጇ ወደ ሰብሳቢው እያመለከተች፣ የእሳቸውንም ቃል እንዳለ ተረጎመችው።

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ልዑኩ ሰብሳቢውን ቀና ብሎ አያቸው፤ ሰብሳቢው ጫማቸውን አዩ። ጭብጨባው ሲበርድ ልዑኩ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ልጅቷም እንደ ሥራው ሥርዓት ራሷን እሱ አድርጋ አቀረበችው።

«መዋጮው ከፍ እንዲል እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። በምን ላይ እንደሚያርፍ አልጠየቅሁም። ይቀንሳል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ብቻዬን የምወስነው አይደለም። ግን ማሽኑን አሳዩኝ። ያየሁትን፣ እጄን ባወጣሁበት ጠረጴዛ ላይ እናገራለሁ።»

ቃሉ በልጇ ድምፅ ስለመጣ ጭንቄ ለአፍታ ልጇን ልትቆጣ ቃጥቷት ነበር። «አንቺ ነሽ እንዴ እጅሽን ያወጣሽው!» ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው።

ሆስፒታሉ ከመንገዱ ማዶ ነው። አዳራሹ እንዳለ ተነቅሎ ወጣ፤ መኪኖች ቆመው አሳለፉት። በሆስፒታሉ በር ላይ ሰብሳቢው ልጅቷን በእጃቸው አስቆሙና ነገ እንዳትመጪ አሏት። ልዑኩ ምን አሉሽ ብሎ ጠየቃት፤ ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ይኼ የግሏ ጉዳይ ነው፤ የአስተርጓሚነት ሥራዋን ለራሷ ጥቅም አታውለውም።

ጭንቄ ግን ሰምታለች። ቋንቋ አልጠበቀችም። ልዑኩን በኮቱ እጅጌ ያዘችው፤ ልጇን ጠቆመች፣ ሰብሳቢውን ጠቆመች፣ ከዚያ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጇን አወናጨፈች። ልዑኩ አንድም አልጠፋውም። ሰብሳቢው እየሰሙ አጭር ነገር ተናገረ። ልጅቷ ቀላች እንጂ አልተረጎመችም።

«ምን አለ?»

«እማ፣ ተይው።»

«ምን አለ አልኩ!»

«ነገም፣ እስኪሄድም ድረስ፣ ከሌላ አስተርጓሚ ጋር አልሠራም ነው የሚለው።»

ጭንቄ የልጇን ክንድ ይዛ እየጎተተች ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ገባች። እንፋሎቱ ፊታቸውን መታቸው። እዚያ፣ ከቆመው ማሽን አጠገብ፣ ካውያዋ የራሷን የመተኮሻ ጠረጴዛ ስታይ ምላሷ ተመለሰላት፤ የተጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለልዑኩ ትዘከዝከው ጀመር። ልጅቷ ልትደርስባት አልቻለችም።

«ቀስ በይ እንጂ አንቺ ሴትዮ፣» አለች ጭንቄ፣ «ልጄ እያንዳንዷን ቃል ነው የምታደርሰው።»