ያልተጻፈው ሕመም

ሴትዮዋ ድንኳኑ ውስጥ የገባችው ሳታለቅስ ነው። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም፤ ድምፅዋንም አላሰማችም። የላስቲክ ክላሰር ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንድ እግሯን ከውስጥ አንዱን ከውጭ አድርጋ፣ ተደርድሮ የተቀመጠውን ሰው እያየች ቆመች።

«መምህር ባይሳን ፈልጌ ነበር» አለች። «ለዛሬ ቀጥረውኝ ነበር።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ዲንሳ ከአግዳሚው ተነስቶ ወደ እሷ ሄደ።

«እህቴ፣ ባይሳ እኮ ዐርፏል። ሳምባው አስቸግሮት ነበር። ከትናንት ወዲያ ቀበርነው።»

ሴትዮዋ ድንኳኑ ለምን እንደተተከለ ገና አሁን የገባት ይመስል ቀና ብላ ጣራውን አየች። ከዚያ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለች። «ጉድ ሆንኩ! ኩምሳን አሁን ምን ብዬ ልንገረው?»

ዲንሳ ክንዷን ይዞ ሊያስወጣት ሲል ከፍራሹ ላይ ድምፅ መጣ።

«ተዋት ዲንሳ። እዚህ እኔ ጋ ትምጣ።»

የተናገረችው የባይሳ ሚስት ሲንቄ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ፣ አምቦ ከተማ ግማሹ መጥቶ «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሲላት፣ አንገቷን ብቻ ትነቀንቅ ነበር።

ሴትዮዋ አጠገቧ ተቀመጠች። አመለሸጋ ትባላለች፤ የመጣችው ከጊንጪ ነው። ባሏ ኩምሳ በጭልሞ ደን ተቀጥሮ ሲሠራ ከሁለት ዓመት በፊት ግንድ ወድቆበት ወገቡ ተጎድቷል። የጤና ጡረታ እንዲፈቀድለት ሐሙስ የሕክምና ቦርድ ፊት ይቀርባል።

«መምህር ‹ወረቀቱን አምጪውና አብረን እናየዋለን› ብለውኝ ነበር፣ አዴ ሲንቄ» አለች።

«ሕመሙ ወገቡ ብቻ ነው?»

አመለሸጋ በግራና በቀኝ የተቀመጡትን ሴቶች ገረፍ አድርጋ አየች። «ወገቡ ብቻ ነው» አለች፣ ፈጠን ብላ።

ያቺን ፍጥነት ሲንቄ ታውቃታለች። እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ «እግሩ ብቻ ነው» እያለች ኖራለች።

ባይሳ ጎጆ በምትባል ከተማ ያስተምር ነበር። በ1995 ሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አልቆ፣ የመልስ ወረቀቱን ወደ አምቦ ሲያወርዱ መኪናቸው በጭቃው ተንሸራቶ ገደል ገባ። ባይሳ እግሩ ብረት ውስጥ ተቀርቅሮ፣ አጠገቡ የነበረውን የሥራ ባልደረባውን ደግፌን፣ ድምፁ ቀስ በቀስ እስኪጠፋ ድረስ ሲያናግረው ቆየ። ሰው ሲደርስ ደግፌ የለም።

እግሩ አጥሮ ገጠመ፤ ዳገት ሲወጣ በየጥቂት እርምጃው ያርፋል፣ ቦይ ሲሻገር የሲንቄን ግራ ክንድ ይይዛል። መስከረም ላይ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ ጠመኔውን ሲያነሳ የደግፌ ድምፅ ይጠራዋል፤ ባይሳም እጁ እንደተሰቀለ ይቀራል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ሳቁን ተዉና ዝም ብለው ይጠብቁት ጀመር። አዲስ አበባ ያየው የአእምሮ ሐኪም ሕመሙን በወረቀት ጽፎ ሰጠው። ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከልብስ ሥር የቀበረችው ሲንቄ ናት። ልጃቸው ሄቨን የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። «የእብድ ልጅ» ስትባል ከምሰማ ሞቴ ይሻለኛል ብላ ነው።

ቦርዱ እግሩን ለካና «ተቀምጦ መሥራት ይችላል» አለ። መዝገብ ቤት መደቡት። ውጭ ከባድ መኪና ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ባይሳ ጠረጴዛ ሥር ይገኛል። አንዳንድ ቀን ከቤት መውጣት ያቅተዋል። ከሥራ ገበታው ይጠፋል ተብሎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት።

ያን ቀን «ሲንቄ፣ የሐኪሙ ወረቀት የት ነው?» አላት።

«ጠፍቷል።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እግሬ የተሰበረው አንድ ቀን ነው። ሌላው ግን በየቀኑ ይሰበራል። ያመመኝን ካልነገርኳቸው ምኑን ነው የሚያዩልኝ?»

ሣጥኑን ከፈተችለት።

ሁለተኛው ቦርድ ላይ እሷ በር አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ባይሳ ሦስቱ ሐኪሞች ፊት ቆመ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ግን ትምህርት እንደሚያስረዳ ሁሉ አንድም ሳይዘል ተናገረ፤ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ፣ ጠረጴዛው ሥር ምን እንደሚያስብ፣ ስንት ሌሊት እንደማይተኛ። አንደኛው ሐኪም እስክሪብቶውን አስቀምጦ ማዳመጥ ጀመረ። ሲንቄ በባሏ ፊት ላይ ሐፍረት ፈለገች፤ አጣች። ያገባችውን ሰው ልክ ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

ጡረታው በሰባተኛው ወር ተፈቀደ። ወሬው ሲሰማ ሰው ይመጣ ጀመር፤ ነርስ፣ ዘበኛ፣ የድሮ ወታደር። ባይሳ በረንዳው ላይ ያስቀምጣቸውና «የሆነውን እንደሆነው ንገሩኝ» ይላቸዋል፤ ማመልከቻቸውንም ይጽፍላቸዋል። የራሱ ሕመም የተነሣበት ጊዜ ሳምንት ሙሉ በሩን ይዘጋል። ሲሻለው ይወጣና «አሞኝ ነበር። ቁጭ በሉ፤ የት ደረስን?» ይላል።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ግን «በመኪና አደጋ እግራቸውን ተጎድተው በጡረታ ተገለሉ» ብቻ ተባለ። ዲንሳ ቀድሞ፣ የሄቨን እናት ብሎ በልጇ ስም ጠርቶ፣ ለምኗት ነበር። «ሃዳ ሄቨን፣ ልጅቷ እኮ ነገ ትዳር ትይዛለች።» ሲንቄም እንዲያው እንዲነበብ ተወችው። ሣጥኑን መልሳ ዘጋችው ማለት ነው።

አሁን ቀና አለች።

«አመለሸጋ፣ ስሚኝ» አለች፤ ድምፅዋ ድንኳኑ ጥግ ድረስ ተሰማ። «የእኔም ባል እግሩ ብቻ አልነበረም። አእምሮውን ያመው ነበር። እኔ ደበቅሁት፤ እሱ ግን ቆሞ ተናገረ። እዚህ ቤት እንጀራ የበላነው እሱ ስላላፈረ ነው።»

ዲንሳ አንገቱን ደፋ። ሄቨን ከድንኳኑ ጥግ የውሃ ጆጉን እንደያዘች መጣች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። «እማዬ፣ አባዬ እኮ ለእኔም ነግሮኛል። ስምንተኛ ክፍል ስገባ» አለች።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ዓብዲሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወታደር የነበሩ፣ ድምፃቸው ሰፈር የሚያስደነግጥ ሰው ናቸው። «የእኔንም የጻፈው እሱ ነው» አሉ። «ጥይቱን ብቻ አይደለም። ሁሉንም።»

አመለሸጋ ወደ ሲንቄ ጆሮ ተጠጋች።

«ግንዱ ከወደቀበት ጀምሮ ግድግዳውን ያያል እንጂ አያናግረንም። ገመድ ከቤት አውጥቼ ጎረቤት አስቀምጫለሁ።»

«ሐኪም አይቶታል?»

«አይቶታል። ወረቀት ሰጥቶናል።»

«የት አለ?»

አመለሸጋ መሬት መሬት አየች።

«አውጪው» አለች ሲንቄ። «ሐሙስ ይዘሽው ግቢ። የገመዱንም ንገሪያቸው። እስከዚያ ብቻውን እንዳትተዪው። በሩ ላይ እኔ አለሁ፤ አብሬሽ እቀመጣለሁ።»

ማመልከቻውን አብረው እንደገና ጻፉት። አመለሸጋ ለመሄድ ስትነሣ ሲንቄም ተነሣች። «ሐዘንተኛ እንግዳ አይሸኝም» አሏት ሴቶቹ።

«እስከ አስፋልቱ ነው» አለች።

መንገዱ ዳገት ነው። ሲንቄ ዐሥር እርምጃ ያህል ትሄድና ትቆማለች፤ ትንሽ ትጠብቅና ደግሞ ትሄዳለች። አመለሸጋ ደክሟት መስሏት አብራት ቆመች። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ሲንቄ ወደ ጎን ሳታይ ግራ ክንዷን አጠፍ አድርጋ ዘረጋች። በዚያ በኩል ማንም የለም። ክንዷን እንደዘረጋች ጠበቀች።

አመለሸጋ ክላሰሩን ወደ ሌላው ብብቷ አዛወረች። በግራ በኩል ዞራ መጣችና ክንዷን ያዘች።