«ሲክ» የተባለችው መርዋ

አማን ከተማ፣ ገበያ ዳር ከአባቷ ጋር ጨርቅ የምትሸጠው መርዋ ሰው በቶሎ የምትንቅ ልጅ አልነበረችም። ሻሚልን ግን ገና አፉን ሲከፍት ናቀችው። ሻሚል የቡና ነጋዴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ዓመታት ከርሞ ሲመለስ ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ከስልኩ የለቃቀመው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሰላምታው «ዮ»፣ ስንብቱ «ፒስ» ሆኖ ቀረ። የእናቱን ወጥ ቀምሶ ግሩም ነው ለማለት «ዶፕ ነው» ቢላቸው፣ ምስኪን ጨው የበዛበት መስሏቸው ውሃ ጨመሩበት እየተባለ ይወራል።

አንድ ቀን ሱቋ ገብቶ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«መርዋ፣ ዩ አር ሲክ!» አላት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ምን አየህብኝ?»

በሳቅ ፈረሰ። «አይ ፋራ! ሲክ ማለት እኮ ምርጥ፣ አንደኛ ማለት ነው። የአራዳ እንግሊዝኛ ነው።»

«ምርጡን በሽተኛ የሚል አራዳ ካለ ራሱ ይታከም» ብላ ወደምታጥፈው ሻሽ ዞረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይገባው ነበር። እሱ ግን ንቀቷን እንደ ዓይን አፋርነት ቆጥሮት በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ ሲላክ ደግሞ ጠያቂው ቤቱ ይቀመጣል። ሻሚል «ይሄ የድሮ ነገር ነው» ብሎ ተከትሎ መጣ።

ሽማግሌዎቹን የመሩት የአባቱ የንግድ ሸሪክ ሐጂ በድሩ ናቸው። የመርዋ አባት አባፎጊ በበኩላቸው ጎረቤታቸውን መምህር ዓለምሰገድን ከጎናቸው አስቀምጠዋል። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ መዝገበ ቃላት እየጠቀሰ ሰው ካላረመ ምሳ የማይወርድለት ዓይነት። መርዋ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች።

ሐጂ በድሩ ስለ ዘሩ፣ ስለ ዲኑ፣ ስለ ጉርብትናው በወጉ ተናግረው ሲጨርሱ ሻሚል አላስችል አለው።

«ባባ፣ ልጅዎ ሲክ ናት። ሲሪየስሊ ሲክ!»

አባፎጊ ግራ ገብቷቸው ወደ መምህሩ ዞሩ። «ምን አለ?»

መምህር ዓለምሰገድ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህችን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። «በሽተኛ ናት ነው ያለው። ያውም በጠና የታመመች።»

«ልጄን? ቤቴ ድረስ መጥቶ?»

«ኧረ ባባ! ምርጥ ናት ማለቴ ነው!»

«በየትኛው መዝገበ ቃላት?» አለ መምህሩ።

«ተወኝ ባክህ! መዝገበ ቃላት ማን ያያል አሁን?»

ሐጂ በድሩ እጃቸውን አነሱ። «ቆዩ እስቲ። ሲክ ማለት እኮ መፈለግ ነው። ድሮ እዚህ የቡና እርሻ የነበራቸው ፈረንጆች ሠራተኛ ሲፈልጉ ሲሉት ሰምቻለሁ። ልጁ ፈለግኋት ነው ያለው፣ አለቀ።»

«እሱ ሌላ ቃል ነው ሐጂ! እሱ ድምፁ ይሳባል። ሲይይክ!»

«ብስበውም ባልስበውም ያው ነው!»

«ሲክ!» «ሲይይክ!» ቤቱ ተናጋ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ጫጩት የሚያባርሩ ይመስለው ነበር።

መርዋ መጀመሪያ አፏን ይዛ ሳቀች። ቆይቶ ግን ሳቋ ደረቀ። አንዱ በሽተኛ ያደርጋታል፣ አንዱ ምርጥ፣ አንዱ ተፈላጊ። «ልጅቷስ ምን ትላለች?» ያለ ግን የለም። አባቷ እንኳ አፍ አፉን የሚያዩት የመምህሩን ነበር። ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

«ሻሚል፣ እንግሊዝኛውን ተወውና ስለ እኔ የምታስበውን በአማርኛ ንገረኝ። ከፈለግክም በእናትህ ኦሮምኛ።»

«ማለት... ቫይብሽ...»

«በአማርኛ።»

«ያው... አሪፍ ነሽ።»

«እግርህ ላይ ያለው ጫማም አሪፍ ነው። ሌላስ?»

ሻሚል ወደ ሐጂ በድሩ አየ፤ ሐጂ በድሩ ወደ ጣሪያው አዩ።

«እንግዲያው አላገባህም» አለች።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሐጂ በድሩ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

እንግዶቹ ወጥተው እንዳለቁ አባፎጊ ተቆጡ። «ሽማግሌ ፊት?»

«አባ፣ እርስዎ ቢጠይቁኝ ኖሮ እዚያው ጓዳ ሆኜ እመልስ ነበር።»

አባፎጊ ለቀናት ሲያኮርፉ ሰነበቱ።

ከተማው ግን ሥራ አገኘ። መምህር ዓለምሰገድ ልጅቷን ያዳናት መዝገበ ቃላቱ እንደሆነ ለባልደረቦቹ አወራ። ሐጂ በድሩ የሰመረውን ነገር ያፈረሰው መምህሩ እንደሆነ መስጊድ በር ላይ ማሉ። ሻሚልም «የፋራ ከተማ» ብሎ ወደ ቴፒ ሄደ፤ እዚያ አድናቂ አላጣም ይባላል። ቃሉን ሁሉም ይተረጉማል፤ መርዋ ምን እንዳለች የሚያነሳ አልተገኘም።

እሷ ቱም በምትባለው ከተማ የገበያ ቀን ሲደርስ ጨርቋን መኪና ላይ አስጭና ለመሳፈር መናኸሪያ ወረደች። አባፎጊ ሳትጠራቸው ተከትለው መጡ። ጭነቱን ደጋግመው ነካኩት፣ ገመዱን ሳቡት።

«ሌላ ሰው ሽማግሌ ቢልክ ምን ልበል?» አሉ ድንገት።

«‹ቆዩ፣ ልጠይቃት› ይበሏቸው።»

አባፎጊ ገመዱን አንዴ ቋጠሩ።

«እሺ» አሉ። «አሁን ግቢ፣ ቦታ ሳይያዝብሽ።»