ሰው ሳያናግሩ የሚቀጠፍ ብሳና

የብርጓልን ቅናት እርር ድብን አድርጓት ነበር፤ ምን ይደበቃል! አባቷ አቶ ይሄይስ በሮብ ገበያ አካባቢ የታወቁ የጭርት መድኃኒት አዋቂ ናቸው። እሷ በሽተኛ ስትቀበል፣ ውኃ ስታሞቅ፣ የሰው ቁስል ስታጥብ ኖራ፣ ሽማግሌው መድኃኒቱን ያሳዩት ለማን መሰላችሁ? ለወንድሟ ሚስት፣ ትናንት ለመጣችው ለወንጌላዊት! ደብረ ማርቆስ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች ተብሎ። የብርጓል አመድ አፋሽ ሆና ቀረች።

ይባስ ብሎ ጭርቱ የራሷ አንገት ላይ ወጣ። በሻሿ ሸፍና ትብከነከናለች እንጂ ብትሞት ለወንጌላዊት አታሳይም።

የብሳና ቅጠል የሚቀጠፈው በማለዳ፣ ሰው ሳያናግሩ ነው። ቀጣፊው አፉን ከከፈተ መድኃኒቱ ከሸፈ ይባላል። የብርጓል ይህን አሳምራ ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ ወንጌላዊት ቅጠሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትመለስ ከበሩ ላይ ጠበቀቻት።

«እንዴት አደርሽ፣ ወንጌሌ?» አለቻት፤ ድምጿ ማር ነው።

ወንጌላዊት አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ሞከረች። የብርጓል በሩን ይዛ ደገመችላት። የባልን ታላቅ እህት ዘግቶ ማለፍ ደግሞ እንዴት ይሆናል? በመጨረሻ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ» አለች፣ ቅር እያላት።

አቶ ይሄይስ ከግቢ ሆነው ሰሙ። ቅጠሉን ተቀብለው መሬት ላይ አፈሰሱት። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ወደ የብርጓል ዞረው ሳቁ።

«አየሽ ልጄ፣ መድኃኒቱን ላንቺ ያላሳየሁት ለዚህ ነው። ሰው ሰላም ሳትዪ ማለፍ አይሆንልሽም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ደግ ነሽ። ይኼንንም ያስቀጠፍኩት ለአንገትሽ ነበር። የማላይ መሰለሽ?»

የብርጓል ክው አለች። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች።

አባትየው ወደ ቤት ሲገቡ ወንጌላዊት ጎንበስ ብላ ቅጠሉን መልቀም ጀመረች። ላብራቶሪ ውስጥ የጭርቱን ፈንገስ በሳህን አሳድገው የብሳና ጭማቂ ሲያደርጉበት ማደጉን እንዳቆመ ነገረቻት፤ ሰው ላይ ገና እንዳልተረጋገጠም አልደበቀችም። ቀጣፊው ያውራ አያውራ ግን እዚያ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ፣ ሻሿን ገለጥ አድርጋ ትቀባት ጀመር። ይቆጠቁጣል።

«ሆን ብዬ ነው ያናገርኩሽ» አለች የብርጓል።

«አውቃለሁ» አለች ወንጌላዊት። «ዘንበል በይ እትዬ፣ ወደ ጆሮሽ ወጥቷል።»

የብርጓል ዘንበል አለች። አባቷ «ደግ» ያሏትን አንዲት ቃልም ይቺው ልጅ ወሰደችባት።