ፋናዬ ሰፈር ስትመርጥ

ለፋናዬ ሰፈር መምረጥ ለልጅ ባል ከመምረጥ አይተናነስም። ፍኖተ ሰላም ላይ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን አሥራ አንድ ዓመት ኖረናልና አውቃታለሁ፤ ሽንኩርት እንኳ አንድ በአንድ አገላብጣ ነው የምትገዛ። ባሏ ዘመኑ ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሥራ ካገኘ ሁለት ዓመት ሆነው። ቅዳሜ ማታ ይመጣል፣ እሑድ ከሰዓት ይሄዳል። ልጃቸው ሄቨን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አባቷን እንደ ቅዳሴ በሳምንት አንዴ ነው የምታገኘው።

«ተጠቃለን ቡሬ እንግባ» ሲላት ፋናዬ ሦስት ነገር ጠየቀችው። ጥሩ ትምህርት ቤት፣ ጥሩ ጎረቤት፤ ሦስተኛው የልጅቱ ነው፣ መዋኛ። ሄቨን ባሕር ዳር ሄዳ አንድ ሆቴል ውስጥ ገንዳ ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። እኔ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዷ ተኝታ እጅ እግሯን ስታራግብ ይመሻል።

«እኔ የምለው፣» አልሁት ዘመኑን፣ «ሰው ቡሬ የሚሄደው በቆሎ ሊሸጥ ነው ወይስ ሊዋኝ?»

«ይሳቁ ግዴለም፣ እትዬ ደስታነሽ። ተገኝቷል።»

ያገኘለት አለበል የሚሉት ደላላ ነው። የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ያሠራው ትምህርት ቤት፣ መምህራኑ የተመሰገኑ፣ ግቢው ውስጥ መዋኛ፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የሚከራይ ቤት። ደላላ ነውና መዋኛውን «ጣና በሉት» ብሏል። ችግሩ ሌላ ነው። አራተኛ ክፍል የቀረው ቦታ ለሰፈሩ ልጅ ብቻ ነው የሚሰጥ። ምዝገባው ጳጉሜ ሦስት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አንድ የሰፈሩ ነዋሪም «የኛ ሰዎች ናቸው» ብሎ መፈረም አለበት። ዘመኑ የሚያድረው በከተማው ሌላ ጫፍ ከጓደኛው ጋር ስለሆነ በዚያ ሰፈር የሚያውቀው ውሻ እንኳ የለም። ይህ ካልተሳካ ሌላ ዓመት ሙሉ የእሑድ አባት ሆኖ መቅረቱ ነው።

ፋናዬ እኔንም አስከተለችኝ። «ጎረቤትን የሚለየው ጎረቤት ነው፤ እርስዎ አይተው ይፍረዱልኝ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እንከን ላወጣለት ነበር የሄድሁ። እነሱ ከሄዱ በማን ልቀልድ?

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ረፋድ ላይ ከሄቨን ጋር በሚኒባስ ቡሬ ገባን፤ ዘመኑ መናኸሪያ ተቀበለን። ሰማዩ ከብዷል። አለበል ሰፈሩ መግቢያ ላይ ጠበቀንና «እናንተ ቀስ እያላችሁ ሂዱ፣ የቤቱን ቁልፍ ላምጣ» ብሎ ተሰወረ። ማዞሪያውን ዞር ስንል ድንኳን። የዕድር ድንኳን ነው፣ አላጣውም። አግዳሚ ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው ጢም ብሎ ተቀምጧል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፤ ወደ ውስጥ የቄስ ድምፅ ይሰማል።

ዘመኑ ሰዓቱን አየ። «አምስት ከሃያ ሆኗል። እንለፍ።»

«ድንኳን አይቶ ማለፍ?» አልሁት። «ሰፈሩ ገና ሳያውቅህ ይጥላህ?»

ፋናዬ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እኔም አዘቀዘቅሁና ከፊት ገባሁ። በኛ ሰፈር ለቅሶ ላይ እኔ ድምፄን ካላሰማሁ ሟች የተቀበረ አይመስልም። ብቻ እዚህ ሟቹ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ አላውቅ። ለሁሉም የሚሆን መረጥሁና፣ «ወይ ሰው! ወይ የሰው ደግ!» ብዬ ለቀቅሁት።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዘወር ብላ አየችኝ። «ማን?» አለችኝ በሹክሹክታ። ሐዘኑ አእምሮዋን ያሳታት መስሎኝ ትከሻዋን እያሻሸሁ «አይዞሽ እታለም፣ ሁላችንም ሂያጅ ነን» አልኋት። ይኼኔ እሷም ጮኸች። ለካ መርዶ ይዤ የመጣሁ መስሏታል። ከሷ ቀጥላ ያለችው ተቀበለቻት። ሦስተኛዋ ሻሿን ፈታ ወረወረች። ወንዶቹ ብድግ ብድግ አሉ፤ አንዱማ ኮፍያውን አውልቆ ማንን እንደሚያለቅስ ሳይጠይቅ ያለቅሳል።

ረዘም ያሉ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው መሐል ቆሙ። የዕድሩም የትምህርት ቤቱም ሰብሳቢ ጋሼ ሃይለ ሚካኤል መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ረጋ በሉ እስቲ። ማነው የሞተው?»

ድንኳኑ በሙሉ እኔን አየኝ።

«እኔ ምኑን አውቄ፣» አልሁ እንባዬን እየጠረግሁ። «ሟቹ የናንተ አይደል እንዴ? እኛ መንገደኞች ነን።»

«የኛ ሰው አልሞተም።»

«ታዲያ ድንኳን ምን ያስጥላችኋል?»

«የልጆቹን መዋኛ ልናስባርክ ነዋ። ዝናብ እንዳይመታን ብለን ነው።»

ያን ጊዜ ነው ከድንኳኑ ወዲያ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለውን ገንዳ ያየሁ። እንግዲህ ጣና ከተባለው ጋር ዝምድና የለውም፤ ለአዋቂ ከወገብ አያልፍም። ቄሱ ዳሩ ላይ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመዋል። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ጢማቸው ነው። ከዚያ ትከሻቸው። ቄስ ሲስቅ ማን ይችላል፣ ድንኳኑ በሳቅ ተናደ። ሻሿን የወረወረችው ሴት ከአግዳሚው ሥር እየፈለገች ትስቃለች። ፋናዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና እኔን ትቆነጥጣለች።

«ቆይ፣» አሉ ጋሼ ሃይለ ሚካኤል ዐይናቸውን እየጠረጉ፣ «የማታውቁትን ሬሳ ልታለቅሱ ነው የገባችሁት?»

«ድንኳን አይቶ ማለፍ ከብዶን ነው፣ ጋሼ» አለ ዘመኑ። «የመጣነው ልጅ ልናስመዘግብ ነበር። ቤትም ልንከራይ። የሚፈርምልን ነዋሪ ግን የለንም፤ እዚህ ማንንም አናውቅ። ሰዓቱም ሊያልፍብን ነው።»

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ለስድስት ሩብ ጉዳይ።»

ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞሩ። «እዚሁ ተወልዶ ለቅሶ ሲሆን ጓሮ ለጓሮ የሚያልፈውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ አለ። እነዚህ ደግሞ ሰው ሳይሞትብን ደረሱልን። ምን ትላላችሁ?»

«እኔ እፈርማለሁ» አለች አጠገቤ ያለችው ሴት። «በከንቱ እንዲህ ያስለቀሰኝ ሰው የለም። ጎረቤቴ ይሁኑና እበቀላቸዋለሁ።» ከዚያ ወደኔ ጠጋ አለች። «ግን አንቺም ትመጫለሽ አይደል? እኛ ዘንድ ለቅሶ የምታወርድ ደህና ሴት ጠፍታለች።»

«እኔ የፍኖተ ሰላም ነኝ፣ እታለም። ዕድሬ አይለቀኝም።»

«እንዲያ ከሆነ አልቃሿ ቀርታ ዝምተኞቹ ናቸዋ የደረሱን» አለች፤ ደግሞ ተሳቀ።

መዝገቡ መጣ። ዘመኑ ብዕር ያዘ። የቤት ቁጥር ሲጠይቁት ወደኛ ዞረ፤ ለካ ቤቱን ማናችንም አላየነውም። ፋናዬ ሴትዮዋን ጠየቀቻት።

«የሚከራየው ቤት ካንቺ ይርቃል?»

«አጥራችን አንድ ነው፣ ቁጥሩም ከኔ ቀጥሎ ነው። ጣራው በጓዳ በኩል ያፈሳል፣ ልንገርሽ።»

«ያፍስስ» አለች ፋናዬ። «ጻፍ፣ ዘመኑ።»

እየጻፈ ሳለ ዝናቡ ወረደ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ከድንኳኑ ፈተለኩ። ሄቨን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገንዳው ውስጥ ዘለለች። ቄሱ ገና አልጨረሱም ነበርና ሰው ደነገጠ። እሳቸው ወደ ሰማይ ቀና አሉና «የቀረውን ሩፋኤል ጨርሶልናል» ብለው መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ።

ልጅቱ እንደ እንቁራሪት ስታንቦጫርቅ ዘመኑ መጀመሪያ «ውጪ» አላት። ቀጥሎ ከነሱሪው ገባ። እኔም እንከን ላወጣ መምጣቴ ትዝ ቢለኝ ዙሪያውን አየሁ፤ ያየሁት ግን ነጠላውን ጨምቆ እርስ በርሱ የሚረጫጭ ሰው ነው፣ ከመሐሉ ፋናዬ።

አለበል ቁልፉን ይዞ ሲደርስ ሁላችንም ርሰናል። «ቤቱን ሳታዩ?» እያለ ከፊት ከፊት ይመራናል፤ ደላላ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ሄቨን አባቷ ትከሻ ላይ ተቀምጣ ውሃ ታንጠባጥብበታለች።

«ነገም አለህ?»

«አለሁ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«አለሁ።»

«ለእንቁጣጣሽስ?»

እሱም አለሁ ይላል። የአንዱን ቀን መልስ ሳትሰማ ወደሚቀጥለው አትሄድም። ቤቱ በር ደርሰን አለበል ከዛገው ቁልፍ ጋር ሲታገል፣ እሷ መስከረም አጋማሽ ላይ ነበረች።