ቀጣይዋ ተረኛ

ዶክተር አንተነህ የአጥንት ማጣበቂያ ሲሚንቶውን በአቶ አብዱልቃኒ የጭን አጥንት ውስጥ ሞልቶ አዲሱን ብረት መታ መታ አድርጎ ሲያስገባ፣ ሽማግሌው "ልጄ፣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ" አሉ።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ እስከዳር ቀና ብላ መቆጣጠሪያውን አየች። የደም ግፊታቸው ቁልቁል እየወረደ ነው። ለዶክተሩ ነገረችው፤ ኦክስጅኑን ጨምራ መድኃኒቱን በደም ሥራቸው ሰጠች። ዓይናቸው እሷ ላይ እንደተተከለ ከንፈራቸው ለሸሃዳ ሲንቀሳቀስ አየች። ከዚያ ቆመ። ደረታቸውን እየተፈራረቁ ቢጫኑም አልተመለሱም።

አቶ አብዱልቃኒ ደጀን ላይ በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። የዳሌያቸው መገጣጠሚያ አልቆ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ልጃቸው ፈውዚያ የመጋዝና የመዶሻ ድምፅ እንዳይሰሙ ጨርሶ ይተኙልኝ ብላ ነበር። በርበሬው ሳንባቸውን ጎድቶታልና ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝ ይሻላል ብላ ያሳመነቻት እስከዳር ናት። አሁን፣ አስተኝቻቸው ቢሆንስ፣ እያለች ራሷን ትጠይቃለች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ቢተኙም ልባቸውን ያቆመው ሲሚንቶ ያው ሲሚንቶ ነው፣ እንዲያውም ሊብስ ይችል ነበር። ማወቋ ግን ምንም አልጠቀማት።

ዶክተሩ ሊያረዳ ወጣ። የፈውዚያ ጩኸት ከኮሪደሩ እዚህ ድረስ ተሰማ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል፤ ቢሆንም ቀጣይዋ ታካሚ ዝግጁ መሆናቸውን ጠየቃት። እሷ፣ ዛሬ ይቅር አለችው።

"ዛሬ ከቀረ ለእሳቸው ቀረ ማለት ነው" አለ። "እኔ ነገ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ፤ ያመጣሁት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያም ለሌላ ሰው ይሄዳል። ስለ ሰውዬው ምንም እንዳትነግሪያቸው። ከፈሩ ግፊታቸው ይናወጣል።"

ያለው ሁሉ እውነት ነበር። እስከዳር ጓንቷን አውልቃ ወደ መቆያው ክፍል ሄደች።

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከመርጡለ ማርያም ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው። በጀርባቸው ተኝተው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበዋል።

"ማን ሞቶ ነው የሚለቀሰው?" አሏት።

እስከዳር ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"ከእርስዎ በፊት የገቡት ሰው ናቸው፣ እማማ።"

"ጠዋት 'እኔ ቀድሜ ልሞክርልዎት' ብለው ያሳቁኝ?"

"አዎ።"

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እስከዳር ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፤ ብረቱን ከአጥንት ጋር የሚያጣብቀው ሲሚንቶ አንዳንዴ ልብን እንደሚያቆም፣ ብዙ ጊዜ ግን እንደማይደርስ፣ ለእሳቸውም የሚደረገው ያው እንደሆነ።

"ካልተሰራሁስ?"

"ሕመሙ አይተውዎትም። ቆመው የሚሄዱም አይመስለኝም።"

ጋቢው ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ታያለች።

"ባዘዘውን ጥሪልኝ" አሉ በመጨረሻ። "ልጄን ሳላየው እሺም እምቢም አልልም።"

ባዘዘው ኮሪደሩ ላይ፣ ፈውዚያ መሬት ላይ ከወደቀችበት ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ያንን አይቶ እናቱን ወደ ውስጥ የሚልክ ልጅ ይኖራል ብላ እስከዳር አላሰበችም። በመታጠቢያው ክፍል መስታወት በኩል ዶክተሩ እስከ ክርኑ ሳሙና ተቀብቶ እጁን ሲታጠብ ይታያል። ቀና ብሎ አያት፤ እንዳታደርጊው እንደማለት ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

እስከዳር ተነስታ የኮሪደሩን በር እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

"ባዘዘው" አለች፣ "ና፣ እናትህ ሊያነጋግሩህ ይፈልጋሉ።"