የሲኞር አርተር ጣት

ካሳነሽን የሚያውቋት የካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ሐበሾች «እጇ ካረፈ ታማለች ማለት ነው» ይሏት ነበር። እውነታቸውን ነው። በሮም ሰው ቤት ስትሠራ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት፤ ከአሠሪዎቿም አንድ ነገር ተምራለች። ሲኞራዎቹ ሠራተኛ አይሰድቡም። ዝም ብለው ይገቡና ጣታቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሄድ መለስ አድርገው ያዩታል። ጣቱ አቧራ ይዞ ከተነሣ ወዮላት! ስድብ በስንት ጣዕሙ፤ ለስድብ እንኳ መልስ አለው።

አሁን ለዓመታት የሠራችላቸው ሲኞር አርተር ግን ደግ ሰው ነበሩ። ሰማንያን ያለፉ፣ ዓይናቸው ከጠፋ የቆየ፣ ጣሊያናዊት ሚስታቸውን ቀብረው ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ ብቻቸውን የቀሩ እንግሊዛዊ ናቸው። ልጅ የላቸውም። ያለቻቸው ምድር ቤት የቆመች አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ናት። ጠዋት ጠዋት ካሳነሽ ክንዳቸውን ይዛ ወደ እሷ ታወርዳቸዋለች።

«አያቴ ብስክሌት ሠሪ ነበር» ይሏታል በጣሊያንኛ። «አንድ ቀን ሞተር ገጠመበት። ጎረቤቱ ሁሉ አበደ አለ።»

ከዚያ ይቀጥላሉ። አባታቸውና አጎቶቻቸው እንግሊዝ አገር በቤታቸው ጓሮ ፋብሪካ ከፈቱ፤ በቤተሰቡ ስም የተጠሩት ሞተሮች በውድድር አሸነፉ። የዓለም ጦርነቱ ሁለቱን አጎቶች በላ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ገበያውን ሲወስዱ አባትየው በሩን ቆለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ ሁሉ የተረፈችው ይቺ ናት። ካሳነሽ ታሪኩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛዋለች። ሴት የሚባል ግን በውስጡ አልነበረም።

ሲያበቁ ጣታቸውን በሞተር ብስክሌቷ የቤንዚን ጋን ላይ ቀስ አድርገው ያስኬዱታል። ያን ጊዜ ካሳነሽ «እሳቸውም አቧራ ይፈልጉብኛል» ትላለች በልቧ፤ ቅር ይላታል።

ፋሲካ ደረሰ። ለፋሲካ ቤት የማይታጠብበት አገር አልተወለደችም። ሲኞር አርተር ሲያሸልቡ የድስት ሽቦ፣ ሎሚና የሳሙና ውሃ ይዛ ምድር ቤት ወረደች። በእድፍ የጠቆረውን ጋን ያለ የሌለ ጉልበቷን አውጥታ ፈተገችው። እየተላጠ የሚወርደው ሁሉ ዝገት መሰላት፤ ደስ አላት። ብረቱ ሲያበራ ፊቷን አየችበት።

«እስቲ አሁን አቧራ ያግኙ!» አለች እየሳቀች።

በማግስቱ ወረዱ። ሽማግሌው ታሪካቸውን እንኳ ሳይጀምሩ ጣታቸውን ጋኑ ላይ አሳረፉ። ጣቱ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

«ካሳነሽ፣ ይቺ የእኔ አይደለችም።»

«የእርስዎ ናት፣ ሲኞር። አጥቤያት ነው። አሎራ፣ ይኸው ቅንጣት አቧራ የለባትም።»

«መስመሩስ?»

«የቱ መስመር?»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። «ከእኛ ፋብሪካ በሚወጣ ሞተር ሁሉ ላይ የወርቅ ቀለም መስመር የምታሰምረው እናቴ ነበረች። በእጇ፣ ያለ ማስመሪያ። ይቺን ስታሰምር ታማ ነበር፤ መሃሉ ላይ እጇ ተንቀጥቅጧል። ስዳስሰው ይታወቀኝ ነበር። ፊቷን ከረሳሁት ቆየሁ። ያቺ መንቀጥቀጥ ነበረች የቀረችኝ።»

ሊኩሉ ሄደው ዓይን ማጥፋት ማለት ይኸው ነው። ካሳነሽ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ይቅር ይበሉኝ! አቧራ የሚፈልጉብኝ መስሎኝ ነው!»

«አቧራ?» አሉ። ነገሩ ገባቸው። «እኔ አንቺን? ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነበር የመሰለሽ?»

ቢቆጧት በወደደች። 

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ተነሽ» አሏት እጃቸውን ዘርግተው። «ጋኑ ሁሉ አንድ ሆነብኝ። ጣቴን ያዢና መስመሩ የነበረበት ቦታ ላይ አድርጊልኝ። የእጇን ቦታ እንኳ ልያዝ።»

ተነሥታ ጣታቸውን ያዘች። ወደ ጋኑ አስጠጋችው፤ ከፍ አደረገችው፤ ዝቅ አደረገችው። ዓይን ያላት እሷ ነበረች፤ መስመሩን ግን አንድ ቀን ልብ ብላ አላየችውም። ሁልጊዜ የምታየው ጣታቸውን ነበር።

«እዚህ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

ካሳነሽ ጣታቸውን እንደያዘች፣ የምታሳርፍበት አጥታ ቆማ ቀረች።