ሳይጠራ የቀረው ስም

በርናባስ ቂም ይችልበታል። መናኸሪያ አጠገብ ባለው የመለዋወጫ ሱቁ ከደንበኛ ጋር ሲሳሳቅ ያየው ሰው፣ አጎቱን ዱካሞን ለዓመታት በሆዱ እንደያዘ በምን ያውቃል?

ዱካሞ የጎሳቸው መሪ ነው። መሪነቱን ያገኘው ታላቅ ወንድሙን ሆጤሶን፣ የበርናባስን አባት፣ «የጎሳውን መሬት ሸጠ» ብሎ በሐሰት አስወንጅሎ ነው። በእነሱ ሥርዓት ያጠፋ መሪ ስሙ ከመሪዎች ቆጠራ ይዘለላል፤ የተዘለለ እንዳልተወለደ ነው። ሆጤሶ ስሙ ሲዘለል እዚያው ቁጭ ብሎ ሰማ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለው፤ ክረምቱን ሳይወጣ ሞተ።

ኋላ እውነቱ ወጣ። መሬቱን የሸጠው ለካ ዱካሞ ራሱ ነው። ጊዜው ኢሕአዴግ የጎሳ መሪዎችን በየስብሰባው ፊት ወንበር ላይ የሚያስቀምጥበት ስለነበር፣ ሽማግሌዎቹ ቅሌት ፈርተው ነገሩን በእርቅ አዳፈኑት። የሆጤሶ ስም ወደ ቆጠራው ይመለሳል፣ ዱካሞም ስሙ ሳይነካ የመሪነቱን ዘንግ በገዛ እጁ ለበርናባስ ያስረክባል ተባለ።

ጎሳው ከመንደሩ በስተምሥራቅ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። በርናባስን ሚስቱ ጸሐይወርቅ አዲስ ጋቢ አልብሳዋለች። ዘንግ ተረካቢ አስቀድሞ መሪዎቹን በስም ይቆጥራልና፣ በርናባስ ከጥንቶቹ ጀምሮ እየወረደ አያቱ ጋ ደረሰ። «ሆጤሶ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አሮጊቶቹ እልል አሉ። ቀጣዩ ዱካሞ ነበር። በርናባስ አጎቱን ዓይን ዓይኑን እያየ የራሱን ስም ጠራና ቆጠራውን ጨረሰ።

ዱካሞ ለማስረከብ የዘረጋውን ዘንግ መልሶ ወደ ራሱ ሳበ።

«ልጄ፣ አንድ ሰው ዘለልክ» አሉ ሰብሳቢው ሽማግሌ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ያልተጠራ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል፤ የሌለ ሰው ደግሞ ዘንግ አያስረክብም። ተመለስና ጥራው፣ ዘንጉ ያንተ ነው። እምቢ ካልክ ለሌላ ቤት ይሰጣል፤ ወደ እናንተ ቤት አይመለስም።»

ጸሐይወርቅ ከሴቶቹ መሃል በዓይኗ ለመነችው። ዱካሞም አንገቱን ደፍቶ፣ «በአባትህ አጥንት ይዤሃለሁ፣ ጥራኝ» አለ።

ምነው በሌላ ነገር በለመነው! በርናባስ ትንሽ አመንትቶ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ግን ደሙ ፈላ።

«በየትኛው አባቴ?» አለ። «እርስዎ እንዳልተወለደ ባደረጉት?»

ጋቢውን አውልቆ ለሚስቱ አቀበላት። ሽማግሌው ዘንጉን ከዱካሞ እጅ ወስደው ለሌላ ቤት ሰው ሰጡ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲሄድ ዱካሞን «ይነሱ» ያለው አልነበረም።

ጸሐይወርቅ ጋቢውን አንጠልጥላ ቀድማው ቤት ገባች፤ ምሳውንም ፊቱ አስቀምጣ ወጣች። በርናባስ ብቻውን ቁጭ ብሎ ጥርግ አድርጎ በላ።